የግራው ስፒከር

መስከረም 22

ይድረስ ለወንድሜ ለክብሪት፤

ሰላምታዬ ጤና ሆነህ፣ ከአለቃህ ጋር ሳትጣላ፣ እጅህም ሥራ ላይ እንጂ ሰው ላይ ሳይሆን ያግኝህ። እማማ ከጓሮ ክፍሏ ሆና ግንባርህን ትስማለች። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ስልኬ ወድቆ ተሰበረ። ሌላ እስኪገዛ ድረስ በወረቀት ቻለኝ።

የላክኸው የድምፅ ማጉያ ሪሲቨር ደረሰ። ሰፈሩ የዲሽ ሪሲቨር መስሎት ኳስ ሊያይ ግልብጥ ብሎ መጣ። ባሌ በር ላይ ቆሞ «ይሄ ኳስ የሚያሳይ አይደለም፤ ጥይቱን ከጀርባችሁ የሚያስተኩስ ነው» እያለ መለሳቸው። ዛሬም ሰው ሁሉ «ዳኛው» ነው የሚለው። የቦክስ ዳኝነቱን ትቶ ቪዲዮ ቤት ከከፈተ ስንት ጊዜው፣ ስሙ ግን አልለቀቀውም።

አምስቱን ስፒከሮች እንዳልከው ሁለቱን ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ፣ አንዱን ከሸራው በታች መሃል ላይ አደረግን። የባሱን ሳጥን ጥግ አስቀመጥነው። ከኮምፒውተሩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያን ጫፉ ቀይና ነጭ የሆነ ቀጭን ገመድ አውጥተን ሪሲቨሩ ጀርባ ሰካን። ድምፁ ከፊተኞቹ ከሁለቱ ብቻ ወጣ። የኋላዎቹ ዱዳ። ቴክኒሻን ነኝ የሚል ሰው አስመጣን፤ ሪሞቱን ሲነካካ ቆይቶ ከሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲወጣ አደረገ። አሁን ጀግናው ከፊት ያወራል፣ ያንኑ ከኋላ ያወራል፣ ሽንት ቤቱ በር ላይም ያወራል። ዳኛው «በእኔ ትቀልዳለህ?» አለና ቀጭኑን ገመድ መንጭቆ ሰውየውን ፊቱ ላይ ገረፈው። የገመዱ ብረት ቅንድቡን ቀደደው። ደሙን ከወለሉ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

«አዲስ ድምፅ» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ተለጥፏል። ካልሠራ ቀጣዩ ተራ የእኔ እንደሆነ ነግሮኛል። እየሳቀ ነው የነገረኝ።

ሌላም ችግር አለ። ፊልሙን ለተመልካቹ በማይክራፎን ስተረጉም ድምፄ ከተዋናዮቹ ድምፅ ጋር እየተጋፋ ጉሮሮዬ አለቀ። ለዚህም መላ ካለህ ጻፍልኝ።

እህትህ

*

ጥቅምት 17

ለእታለም፤

ከባሕር ማዶ ጎንበስ ብዬ ጉልበትሽን ስሜያለሁ፤ የእማማንም ጨምሪበት። እኔ ደህና ነኝ። አለቃዬም እስካሁን በሕይወት አለ።

እናንተ ሰዎች ስድስት እግር በሁለት ጫማ ልታስኬዱ ነው እንዴ የምትፈልጉት! ያ ቀጭን ገመድ የሚሸከመው ግራና ቀኝን ብቻ ነው። ቀን ከሌሊት ሪሞት ብትነካኩ ሦስተኛ ድምፅ አይወልድም። ቴክኒሻን ተብዬው የነካው ሁለቱን ድምፅ ለሁሉም ስፒከር የሚያድለውን ቁልፍ ነው፤ አጥፊው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት የኤችዲኤምአይ ገመድ ልኬአለሁ። አንዱን ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ከግራፊክስ ካርዱ ላይ አንስተሽ ሪሲቨሩ መግቢያ ላይ ሰኪ። ሁለተኛውን ከሪሲቨሩ መውጫ ወደ ፕሮጀክተሩ ውሰጂ። ከዚህ በኋላ ሥዕልም ድምፅም በአንድ ገመድ ነው የሚሄደው። ቀጥለሽ ኮምፒውተሩ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ግቢና ድምፁ በሪሲቨሩ በኩል እንዲወጣ አድርጊ፤ የስፒከሩን ዓይነት ደግሞ አምስት ነጥብ አንድ የሚለውን ምረጪ። እዚያው መሞከሪያ አለ፤ እያንዳንዱን ስፒከር ተራ በተራ ያስጮኸዋል። ፊልም ማጫወቻውም የራሱ ማስተካከያ ስላለው ድምፁን ሳይነካ ለሪሲቨሩ እንዲያሳልፍ እዘዢው። ይህ ሁሉ ሆኖ የኋላው ዝም ካለ ፊልሙ ራሱ ሲቀዳ ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ቅጂ ፈልጊ።

ስለ ጉሮሮሽ፦ በእንዲህ ዓይነት ፊልም ተዋናዮቹ የሚያወሩት ከመሃሉ ስፒከር ነው። ተኩሱ፣ መኪናው፣ ሙዚቃው በሌሎቹ ነው። ስለዚህ መሃለኛውን ከሪሲቨሩ ንቀዪውና ማይክራፎንሽ ካለበት ከአሮጌው አምፕሊፋየር ጋር አገናኚው። ሪሲቨሩን መሃለኛ ስፒከር የለም ብለሽ እንዳትነግሪው፤ ንግግሩን ለሁለቱ የፊት ስፒከሮች ያከፋፍለዋል። እንዳለ ይመስለው። የተዋናዮቹ ወሬ መውጫ አጥቶ ይቀራል፣ በቦታው አንቺ ትገቢያለሽ።

የቴክኒሻኑ ነገር አልጣመኝም። ስለ ተራ የጻፍሽውንም ቀልድ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ቀልድ ነው አይደል? ስልክሽስ ከየት ላይ ነው የወደቀው?

ወንድምሽ

*

ኅዳር 12

ይድረስ ለክብሪት፤

የሰጠኸኝን እጥፍ አድርጎ ይስጥህ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እማማ ካልሲ ልትሠራልህ ጀምራ ነበር፤ ዓይኗ እምቢ አላት።

ሠራ! ገመዶቹን ከሰካሁ በኋላ ሪሲቨሩ ፊት ላይ ስድስቱም ምልክት በራ። እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ መኪና ከጀርባቸው እያጓራ ሲያልፍ አንዱ ጎረምሳ ዘሎ አግዳሚ ወንበር ሥር ገባ። ጓደኞቹ እስከዛሬ ይስቁበታል። የእኔም ድምፅ ከመሃል ሲወጣ እኔኑ አስደነገጠኝ። ጄኔራሉን ሳወራ ጄኔራል፣ ሽማግሌውን ሳወራ ሽማግሌ። አሁን መጮኽ ቀረልኝ። ዳኛው ደረቱን ነፍቶ በር ላይ ይንጎራደዳል።

አንድ ነገር ግን አልሆነልኝም። የግራ በኩል ስፒከሮች አይሰሙም። ጠዋት ጠዋት አዳራሹ ባዶ ሲሆን መሃል ተቀምጬ መሞከሪያውን አስነሳዋለሁ። የቀኝ ፊት ይጮኻል፣ የቀኝ ኋላም ይጮኻል፤ የግራዎቹ ተራ ሲደርስ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ያህል ሽው ይልብኛል። ሪሲቨሩ ውስጥ ገብቼ የግራዎቹን መጠን ከፍ አደረግሁ። ለውጥ ሳጣ ጨመርሁበት። አሁንም ስላልሰማሁ እስከ መጨረሻው ወሰድሁት።

በተከታዩ እሁድ ፊልሙ ሲጀመር በግራ የተቀመጡት ሰዎች ጆሯቸውን ይዘው ተነሡ። ሁሉም ወደ ቀኝ ሄዶ ካለ ሰው ላይ ሊቀመጥ። በዚያ መሃል ግፊያ ተነሣ፤ አንዱ አንዱን በክርን ብሎት ጥርሱ ረገፈ። ዳኛው ገብቶ ሁለቱን በአንገታቸው አንጠልጥሎ ከደረጃው ላይ ወረወራቸው። አንደኛው ሲወድቅ ክንዱ ሲሰበር ከእኔ የትርጉም ክፍል ተሰምቷል። ኋላ መጥቶ እኔንም ትንሽ ተቆጣኝ።

ታዲያ የቱ ነው እውነቱ? ሰዎቹ ግራው አደነቆረን ይላሉ፣ እኔ አልሰማም። የተበላሸ ገመድ ይሆናልና አዲስ የስፒከር ገመድ ላክልኝ። ቶሎ ላከው፤ ዳኛው ለቀጣዩ እሁድ አንድም ሰው ከመቀመጫው እንዳይነሣ ብሏል።

እህትህ

*

ኅዳር 30

እታለም፤

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይተን ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

እኔ እዚህ አገር እንጀራዬ የሌላውን ሰው የተበላሸ ድምፅ መፈለግ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ግራው አይሠራም» ሲለኝ ገመዶቹን አቀያይራለሁ። የተበላሸው ገመድ ከሆነ ጥፋቱ ከገመዱ ጋር ይሄዳል። ስፒከሩ ከሆነ ስፒከሩ ጋር ይቀራል። ሰው ጆሮውን ይዞ የሸሸው ስፒከር ግን ሠርቷል ማለት ነው። የሚሠራ ስፒከር አንቺ ብቻ ካልሰማሽው እኔ የምቀይረው ገመድ የለኝም።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ያን ወንበርሽን መሃል አድርጊና ጀርባሽን ለሸራው ሰጥተሽ ተቀመጪ። ግራ የነበሩት አሁን በቀኝሽ ይሆናሉ። መጠኑን ሁሉንም እኩል አድርገሽ መሞከሪያውን አስነሺ። ቅድም ያልሰማሻቸው ስፒከሮች አሁንም ካልተሰሙ፣ ነገ ገመድ እልካለሁ። ጥፋቱ አብሮሽ ዞሮ ሌሎቹን መስማት ካቃተሽ ግን ማን ምን እንዳደረገሽ ጻፊልኝ።

የስልኩን ጥያቄዬን ዘለልሽው። «ትንሽ ተቆጣኝ» ያልሽውም ቁጣ እንዴት ያለ ቁጣ ነው? እኔ ሞኝ አይደለሁም። አትደብቂኝ።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 25

ወንድም ዓለም፤

አብሮኝ ዞረ።

ፊቴን ወደ ኋላው ግድግዳ አድርጌ ስቀመጥ ያልሰማኋቸው ስፒከሮች ቁልጭ ብለው ተሰሙኝ፣ የሰማኋቸው ጠፉ። ሁለት ጊዜ ደገምሁት። ጆሮዬ መሆኑን እንደማላውቅ እንዳይመስልህ። አውቄዋለሁ። ገመዱ በሆነልኝ ብዬ ነው ገመድ ላክልኝ ያልኩህ።

ክረምት ላይ ነው። አንድ ፊልም ላይ ሴትየዋ ባሏን ትታ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ፊልሙ ውስጥ ምንም አትልም፤ እኔ ከራሴ ጨመርሁላት። «እጅህን ለእናትህ ልጅ አሳይ» አስባልኋት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዳኛው ወደ ትርጉም ክፍሌ ገባና «ማንን ነው የምትነግሪው?» አለኝ። ከዚያ በሙሉ መዳፉ ግራ ጆሮዬ ላይ አጮለኝ። ውስጡ የሆነ ነገር ጧ ብሎ ፈነዳ። አንገቴ ላይ የሚሞቅ ነገር ወረደ፣ ደም ነው። ሐኪሙ ታምቡሩ ተቀዷል አለኝ፤ ወደ ውስጥም ሳይጎዳ አልቀረም አለ። ስልኬን የዚያኑ ቀን ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው።

እሱ የመጀመሪያው አይደለም። የጎድን አጥንቴ ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። ፀጉሬን ይዞ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ግንባሬን አጋጭቶ ያውቃል፤ በሩ ነው ብዬ ለሰው ተናገርሁ።

የሚመታኝ መቼ እንደሆነ ልንገርህ። ፊልሙ ሲጮኽ ነው። ተኩስና ድብድብ ላይ ወሬ ስለሌለ እኔ ሥራ የምፈታው ያኔ ነው። ይመጣል፣ ማይክራፎኑን ቀጭ አድርጎ ያጠፋል፣ በሩን ይዘጋል፣ መሣሪያው መንጣጣት እስኪጀምር እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ዳኛ ነበረ፣ ሰዓት መጠበቅ ያውቃል። ተኩሱ ሲያልቅ እሱም ያበቃል። ማይክራፎኑን ይከፍትልኝና ይወጣል፣ እኔ ደግሞ አፌ ውስጥ ያለውን ደም ውጬ ጄኔራሉን እቀጥላለሁ።

አንተ በነገርኸኝ መሠረት አዳራሹ አሁን በአራቱም ማዕዘን ይጮኻል። ድሮ ብጮኽ ምናልባት አንዱ ይሰማኝ ነበር። አሁን በእኔና በሰው መካከል ስድስት ሳጥን አለ። ይህን ስጽፍልህ አንተን እየወቀስሁ አይደለም፤ ሆድ ስለባሰኝ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር። «ማን ሰማ? ማን አየ?» አሉኝ። ጎረቤቶቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የእማማ ክፍል ከትርጉም ክፍሌ ጋር አንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ ምስክር ሁኚኝ ብዬ ለመንኋት። «እኔ ምንም አልሰማሁም ልጄ፣ ጆሮዬም ደክሟል። ታገሺ» አለችኝ። አንድ የሚሰማኝ ሰው ነው የምፈልገው። ካላገኘሁ አንድ ቀን በተኩስ መሃል ገድሎኝ ፊልሙ ሳይቋረጥ ያልቃል።

እስከዛሬ የደበቅሁህ ጠባይህን ስለማውቅ ነው። እባክህ ክብሪት፣ አትቀጣጠልብኝ።

እህትህ

*

ጥር 20

እታለም፤

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ ፊደሌን ታገሺው። ቀኙ ጄሶ ውስጥ ነው።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ላይ አነበብሁት። ለአንቺ ከላክሁት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሪሲቨር ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ ነበር። መዶሻ አነሣሁ። ክዳኑን፣ ውስጡን፣ ጠረጴዛውን፣ ሁሉንም ቀጠቀጥሁት። አለቃዬ ከኋላ ሊይዘኝ ሲል ዞሬ አገጩን አልሁት፤ ዕቃ መደርደሪያው ላይ ወድቆ ደሙ በስፒከሮቹ ላይ ተረጨ። ከዚያ ግድግዳውን መታሁ፤ እጄ የተሰበረው ያኔ ነው። ሥራውም አበቃ። ከእስር ያስለቀቀኝ ራሱ አለቃዬ ነው፤ ክስ አልመሠርትም አለ። ደብዳቤሽን አንብቤለት አልቅሷል። እኔ አላለቀስሁም።

ድምፁን ያጎላሁለት እኔ ነኝ! ተቀምጬ፣ ገመድ መርጬ፣ ፖስታ ቤት ተሰልፌ!

እመጣለሁ። እጄ እንደዳነ እመጣለሁ። መጀመሪያ ጣቶቹን አንድ በአንድ እሰብራቸዋለሁ፣ እያንዳንዱን እያስቆጠርሁት። ከዚያ አንቺ ላይ ያደረገውን ሁሉ አደርግበታለሁ፤ ፊልም ሳይከፈት፣ ሰፈሩ እየሰማ። አቁም የሚለኝ ካለ እሱንም እደግመዋለሁ።

እማማን ሰላም አላልኋትም። አልሰማሁም ካለች አትስማ።

ወንድምሽ

*

የካቲት 9

ክብሪት፤

በእናትህ ጡት ይዤሃለሁ፣ እንደዚህ ሆነህ እንዳትመጣ።

አንተ ገድለህ እስር ቤት ትገባለህ፣ ምግብ በሳህን ቋጥሬ በሩ ላይ የምሰለፈው እኔ ነኝ። ወይም እሱ ይቀድምህና የአንተን ሬሳ አነሣለሁ። ይህ ነው እርዳታህ? የአለቃህን ደም ስታወራልኝ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥሁት። ወንድ ሁሉ ለእኔ ያለው ነገር ጡጫ ብቻ ነው እንዴ?

ገመድም አልፈልግም፣ ጣትም እንዲሰበርልኝ አልፈልግም። የምፈልገው አንድ መልስ ነው፤ እንደ ባለሙያ መልስልኝ። ፊልሙ እየሄደ ሳለ ከኮምፒውተሩ ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደውን ገመድ ብነቅለው ምን ዝም ይላል፣ ምንስ ይቀራል? መሃለኛው ስፒከርም አብሮ ይጠፋል? ቶሎ ጻፍልኝ። ባለፈው እሁድ ዳኛው ትከሻዬን አውልቆታል።

እህትህ

*

የካቲት 28

እታለም፤

ሥዕሉ ይጠፋል። ከፊት ሁለቱ፣ ከኋላ ሁለቱና ባሱ ዝም ይላሉ፤ የሚመግባቸው ያ ገመድ ነው። መሃለኛው አይነካውም። እሱ ከአሮጌው አምፕሊፋየርሽ ጋር ስለሆነ መብራት እስካለ ድረስ ማይክራፎንሽ የሚሰማውን ሁሉ ያወጣል።

እሱ ግን ማይክራፎኑን ቀድሞ ያጠፋዋል ብለሽኛል። ማጥፊያው እጀታው ውስጥ ያለ ትንሽ ነገር ነው። ሁለቱን ብሎን ፈትተሽ፣ ማጥፊያው ላይ የሚገቡትን ሁለት ሽቦዎች እዪያቸው፤ ስትከፍቺው ማጥፊያው የሚያገናኛቸውን ሁለቱን አንድ ላይ ብታጣምሪያቸው ቀጭ ይላል እንጂ አይጠፋም።

ምን እንዳሰብሽ ገብቶኛል። ፈርቻለሁ። ትኬቴ ለሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ጠብቂኝ ብልሽ እንደማትጠብቂ አውቃለሁ። ቁጣዬን ለመዋጥ እየሞከርሁ ነው። አልወርድ ብሎኛል እንጂ እየሞከርሁ ነው።

ወንድምሽ

*

መጋቢት 27

ወንድም ዓለም፤

በሕይወት ስላለሁ ፈጣሪ ይመስገን። አንተም ይህን ተቀምጠህ አንብበው።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ሞልቶ በግድግዳው ጥግ የቆሙ ነበሩ። ማይክራፎኑን ጠዋት ፈትቼ እንዳልከኝ አደረግሁት። ድብድቡ ሲጀመር ዳኛው ገባ፣ ቀጭ አደረገ፣ በሩን ቆለፈ። እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ከኋላ ያሉት ስፒከሮች መንጣጣት ሲጀምሩ ሆዴ ላይ በእርግጫ አለኝ። ከወንበሬ ወደቅሁ። ማይክራፎኑን ግን አልለቀቅሁም።

ሁለተኛው አፍንጫዬ ላይ ነው። ሲሰበር ራሴ ሰማሁት፣ በደህናው ጆሮዬ። አዳራሹም ሰማው፤ ከመሃል፣ ከሸራው ሥር ጥርት ብሎ ወጣ። ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ? አጨበጨቡ። ፉጨቱ ጣራውን ሊያነሣው። «ድምፅ ማለት ይሄ ነው!» እያለ አንዱ ሲጮኽ ይሰማኛል።

ያኔ በገዛ ድምፄ ተናገርሁ። «ፊልም አይደለም። እኔ ነኝ፣ ተርጓሚዋ። እየገደለኝ ነው» አልሁ። ሳቁ! እነዚህ ሰዎች ስንት ዘመን ጄኔራል ስሆን፣ ሽማግሌ ስሆን፣ ሕፃን ስሆን ሰምተውኛል። የራሴን ድምፅ ግን አንድ ቀን ሰምተውት አያውቁም። አዲስ ገጸ ባሕርይ ያመጣሁ መሰላቸው።

ከመሬት ላይ እየተጎተትሁ እዚያው ክፍሌ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ጀርባ ደረስሁ። ዳኛው የምሸሽ መስሎት በፀጉሬ ሲስበኝ ገመዱን ይዤ አብሬው ተሳብሁ። ገመዱ ተነቀለ። ሸራው ሰማያዊ ሆነ። ከመሃለኛው በቀር ስፒከሩ ሁሉ ባንዴ ዝም አለ። ሰው «ኧረ መብራት!» ማለት ሲጀምር ዳኛው በላዬ ላይ ተቀምጦ አንገቴን ይዞ ነበር። ዝግ ብሎ «ጩኺ እስቲ። ማን ይሰማሻል?» አለኝ። ከዚያ መታኝ። ደግሞ መታኝ። በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ የእሱ ድምፅና የእሱ ጡጫ ብቻ ከመሃል እየወጣ ነበር።

አዳራሹ ጸጥ ማለቱን እሱም ልብ አለ። ቀና ሲል በሩ ተገንጥሎ ገባ።

የመጣውን ሰው አልቆጠርሁትም። በእግሩ ጎትተው አወጡት። በአግዳሚ ወንበር እግር ቀጠቀጡት። ያ ክንዱ የተሰበረው ልጅ በደህናው እጁ ድንጋይ ይዞ ፊቱን ፊቱን ሲለው አየሁ። መንጋጋው ወደ ጎን ሄደ። «በቃችሁ» እያለ ይለምን ነበር፤ መጀመሪያ በቃል፣ ኋላ በእጁ ብቻ። እኔ በሩ ላይ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ማይክራፎኑ በእጄ ነው፣ ክፍት ነው። አቁሙ ብል ይሰሙኝ ነበር። አላልሁም። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሽሃለሁ። ያስጣሉት ፖሊሶች ናቸው። ሐኪም ቤት ነው ያለው፣ በፖሊስ ይጠበቃል። ሐኪሞቹ ቀኝ ዓይኑ ተመልሶ አያይም ብለዋል። ከደበደቡትም ሦስቱ ታስረዋል፤ ምግብ እያመላለስሁ ነው።

ጣቢያ ቃል ስንሰጥ መርማሪው «ማን ሰማ?» አለ። እጁን ያላወጣ አልነበረም። ግቢው ሞልቶ ወደ መንገድ ተርፏል። እማማንም ጠሯት። ጎረቤት ደግፏት ገባች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። መርማሪው ጮክ ብሎ፣ ጆሮዋ ደካማ ነው ስላሉት፣ «እሁድ ዕለት የሆነውን ሰምተዋል?» አላት። «አትጩኽብኝ፣ እሰማለሁ» አለችው። «ከእሁዱ በፊትስ?»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ሁልጊዜ» አለች። «ግድግዳው ስስ ነው። ሲመታት እሰማለሁ፣ ስታቃስት እሰማለሁ። ተኩሱ ሲያልቅ ተነሥታ ማውራት ስትጀምር ዛሬም አልሞተችም ብዬ እተኛለሁ።»

መርማሪው ጻፈው። የጎድን አጥንቴ እንደዚያ አሞኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ አላናገርኋትም። ምግቧን በሩ ላይ አስቀምጥላታለሁ። ግድግዳውን በጣቷ ታንኳኳለች፣ እንድመጣ ነው። አልሄድም። ስትመጣ አንተ ግባላት፣ እናትህ ናት፤ እቀፋት፣ አልቆጣም። ይቅር በያት ብለህ ልትለምነኝ ካሰብህ ግን፣ ትኬትህን መልስ።

እህትህ